ጉልት ለጉልላት

አሮጌ ቤቱን ላደሰ ሰው መንግሥት ግብር ይቀንስለት የሚል ሐሳብ ሲነሣ ብዙዎቻችን ከፈረንጅ አገር የተቀዳ አድርገን እናየዋለን። እንዲያ ማሰባችን ያለ ምክንያት አይደለም። ፈረንሳይ የማልሮ ሕግ የሚባለውን በ1954 ዓ.ም. አውጥታ የቆዩ ሰፈሮቿን ለጥበቃ ከልላለች። አሜሪካም በ1969 ዓ.ም. የጀመረችውን በ1979 ዓ.ም. አሻሽላ፣ በመዝገብ የሰፈረ ታሪካዊ ሕንፃ አድሶ ለሚነግድበት ወይም ለሚያከራየው ባለቤት ከእድሳት ወጪው 20 በመቶው ከግብሩ እንዲነሣለት ደንግጋለች። የነገሩ ፍሬ ሐሳብ ግን ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። መንግሥት ከሚገባው ግብር ላይ ትቶ በምትኩ አንድ ሕንፃ ቆሞ እንዲኖር ማድረግ እዚህ አገር ለዘመናት የተኖረበት ልማድ ነው። በመካከል የተበጠሰው ግብሩንና ጥገናውን ያስተሳሰረው ውል ነው። ዛሬ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ላይ የቆዩ ቤቶች ጠባቂ አጥተው መውደቃቸውም ከዚያ ውል መበጠስ ጋር የተያያዘ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ከቤተ ክርስቲያን መሬት መጀመር ያስፈልጋል። በቀድሞው ሥርዓት በጎጃም፣ እንደ ሌላው የሰሜን አገር ሁሉ፣ ገበሬው ርስቱን ያርሳል፤ ከምርቱ ለመንግሥት የሚገባውን ግብር ግን ንጉሡ ለሹም ወይም ለደብር በጉልት ይሰጠዋል። ለደብር አገልግሎት የዋለው መሬት የሰሞን መሬት ይባላል። ያን መሬት የያዘ ሰው ሁሉ የአገልግሎት ዕዳ አለበት፤ ቄሱ በሰሞኑ ገብቶ ይቀድሳል፣ ደብተራው ማሕሌት ይቆማል፣ ሌላው መገበሪያ ያቀርባል፣ ገበዙ ደግሞ የሕንፃውንና የንዋየ ቅድሳቱን ጉዳይ ይከታተላል። ዕዳውን ያጓደለ መሬቱ ለሌላ ሊሰጥበት ይችላል። የአገልግሎቱን ክብደት ለመረዳት ክቡን የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። የሣር ክዳን ሲያረጅ ይጠቁራል፣ ይሳሳል፣ ከዚያም ማፍሰስ ይጀምራል። ውኃው በግድግዳው ሲወርድ መጀመሪያ ምርጊቱ ይለቃል፤ ቀጥሎ ማገሩ ይበሰብሳል፤ በመጨረሻ ቋሚው ከሥሩ ይነቅዛል። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ በጨርቅ የተለጠፈው ሥዕልም አብሮ ይሻግታል። ስለዚህ ጥገና በሃምሳ ዓመት አንዴ የሚመጣ ትልቅ ሥራ አልነበረም፤ ክረምት በቀረበ ቁጥር የሚታሰብ ዕዳ ነበር። ሣር የሚያጭደው፣ ልጥ የሚልጠው፣ ወራጁን የሚያስረው ምዕመን ነው፤ ያንን የሚያዝዘውና የሚያስተባብረው ግን ከመሬቱ የሚበላው ሰው ነበር።

ይህ አሠራር ምን ያህል እንደሠራ ከጎጃም ወጣ ብሎ በጣና ሰሜን ዳርቻ ጎርጎራ ላይ ማየት ይቻላል። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን በጥርብ ድንጋይና በኖራ ያሠሩት ማርያም ግምብ አብዛኛው ፈርሷል፤ ብዙም ሳይርቅ ያለው ክቡ ደብረ ሲና ማርያም ግን ሥዕሎቹን እንደያዘ ዛሬም ይቀደስበታል። የሁለቱን ዕጣ በጥገና ብቻ ማስረዳት አይቻልም፤ አሠራራቸውም ዕድሜያቸውም ይለያያል። ቢሆንም አንድ ነገር ልብ ይሏል። አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያኑን ሲያባርሩ የድንጋዩ ሕንፃ ባለ ዕዳውን አጣ፤ የጭቃና የእንጨቱ ግን በየዓመቱ ጣሪያውን ቀና ብሎ የሚያይ ካህንና ምዕመን አላጣም። የሕንፃ ዕድሜ የሚለካው በተሠራበት ነገር ጥንካሬ ነው የሚለው የተለመደ ግምት በእኛ አገር ብዙ ጊዜ አይሠራም።

እዚህ ላይ ተገቢ የሆነ ተቃውሞ ይነሣል። የጉልት ሥርዓት በገበሬው ጫንቃ ላይ የቆመ ነበር፤ እሱን እንደ አርአያ ማቅረብ ጭቆናን ማሳመር ነው ሊባል ይችላል። እውነት ነው፤ ለገበሬው ግብሩ አልቀነሰለትም፣ ተቀባዩ ተለወጠ እንጂ። በጎጃም ከዚህም የባሰ ነበር። ርስት አጥቶ በሌላው መሬት ላይ እያረሰ የሚያገለግል፣ ዜጋ ይባል የነበረ ሰው ነበረ፤ የደብተራው መሬትም በእሱ ጉልበት ይታረስ ነበር። ይህን መካድ አይቻልም፤ ሥርዓቱ ተመልሶ ይምጣ የሚልም የለም። ከሥርዓቱ ነጥሎ ማየት የሚቻለው ግን አንድ አካሄድ አለ። ግብሩን የተወው መንግሥት ነው፤ የተወውም በነጻ አልነበረም። በምትኩ በዓይን የሚታይ፣ በየዓመቱ የሚደገም፣ ቢጓደል መንደሩ ሁሉ የሚያውቀው ሥራ ይጠበቅ ነበር። ተቆጣጣሪው ከሩቅ የሚላክ ሹም አይደለም። ዝናብ ሲያፈስበት ከውስጥ ቆሞ የሚያስቀድሰው ሕዝብ ራሱ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የግብር ታሪክ ይህን መልክ እየሳተ ሄደ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ አዲስ ተመን ሲያወጣ ጎጃምን፣ በጌምድርንና ትግራይን ለይቶ በቀድሞው ልክ እንዲከፍሉ ተዋቸው። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሲታወጅ፣ መሬታችን ተለክቶ ሊወሰድ ነው የሚለው ሥጋት ተጨምሮበት ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት አመፁ። ጦር ዘመተ፤ ሰውም ሞተ፤ በመጨረሻ ግን መንግሥት ጠቅላይ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴን አንሥቶ ለዓመታት የተጠራቀመውን ውዝፍ ግብር ሰረዘ። ይህ ምሕረት ሰላም ለማውረድ አስፈላጊ ነበር፤ ማንም አይነቅፈውም። ግን ምሕረት ብቻ ነበር። ግብር ሲቀር በምትኩ ምን ይሠራ የሚል ጥያቄ አልተነሣም፤ ግብርን መተው አመፅን ማብረጃ ሆኖ ቀረ። በጎጃም የመንግሥት ሰው ግብር ቅነሳ ሲባል የሚጠራጠረው፣ ሕዝቡም የማያምነው፣ በከፊል ከዚህ ትዝታ የተነሣ ይመስለኛል።

ውሉን ጨርሶ የበጠሰው ግን 1967 ዓ.ም. ነው። የካቲት 25 የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሲሆን የሰሞን መሬት አከተመ። ከአምስት ወር ያህል በኋላ ሐምሌ 19 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። የመጀመሪያው አዋጅ ለገበሬው ያመጣውን መብት አቅልሎ ማየት አይገባም፤ ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ የተተካ ነገር ግን አልነበረም፤ ዕዳው በምዕመኑ ኪስ ላይ ወደቀ። ሁለተኛው በከተሞች ላይ ያደረሰው ደግሞ ብዙም አልተነገረለትም። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ የተወረሱ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ እንደ ቡሬ ባለ ከተማ ይህ ማለት የተወረሰው ሁሉ ማለት ይቻላል። ኪራዩ በአዋጅ ተቀነሰ፤ ለድሃው ተከራይ እፎይታ ነበር። ከዚያ ኪራይ ላይ ግን ጣሪያ የሚያስለውጥ ገንዘብ አይተርፍም። ቀበሌው አያድስም፤ ተከራዩም የእኔ ባልሆነ ቤት ላይ ለምን አወጣለሁ ይላል፤ ቢል አይፈረድበትም።

ለመሆኑ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ምን ታሪካዊ ሕንፃ አላቸው? ይህ ሁለተኛው ተቃውሞ ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ብቻ ሳይሆን የከተሞቹ ነዋሪም የሚያነሣው። ቤተ መንግሥት የለም፤ እንደ ጎንደር ግንብ የለም። ያለው የገበያ ከተማ ቤት ነው። ቡሬ ከዓባይ ማዶ ወለጋ የሚመጣውንና ወደ ዳሞት የሚወጣውን ንግድ ስታገናኝ የኖረች ከተማ ናት፤ የነቀምት መንገድ ዛሬም ከእሷ ይነሣል። ጣሊያን ጦሩን አስፍሮ የመሸገባት፣ በየካቲት 1933 ዓ.ም. በእንግሊዞች የተመራው የጌዴዎን ጦርና አርበኞች ሲቃረቡም ወደ ደምበጫና ደብረ ማርቆስ የሸሸባት ናት። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ፍኖተ ሰላምም ያደገችው በዚያው መንገድ ላይ ነው። የዚህ ታሪክ ምስክር ፊቱ ሱቅ፣ ጀርባው መኖሪያ፣ ግቢው የጭነት ከብት ማሳደሪያ የሆነው የጭቃና የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ሰፊ በረንዳው ገበያተኛ ከዝናብ የሚጠለልበት፣ የእንጨት መዝጊያው በሁለት በኩል የሚከፈት። እንዲህ ያለው ቤት ለብቻው ሲታይ ተራ ነው፤ መደዳውን ሲቆም ግን የአንድ ከተማ መዝገብ ነው። ቅርስ ማለት ግንብ ብቻ ነው ካልን የምዕራብ ጎጃም ቅርስ አብያተ ክርስቲያናት ብቻ ይሆናሉ፤ ነጋዴውና አንጥረኛው ያለ ታሪክ ይቀራሉ።

ሕጉ ወደ የትኛው ወገን እንደሚያደላ ቡሬ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከከተማዋ አጠገብ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተገንብቷል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት ማበረታቻ ደንብ ቁጥር 270 ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ ውጭ የኢንዱስትሪ ፓርክ ለሚያለማ 15 ዓመት ከገቢ ግብር ነጻ የመሆን መብት ሰጥቶ ነበር፤ በፓርክ ውስጥ አምርቶ ወደ ውጭ ለሚልከውም የራሱ ተጨማሪ እፎይታ ነበረው። ፋብሪካ ሥራ ይፈጥራልና ልክ ነው እንበል። አሮጌ ቤት የያዘ ሰው ግን ከሕጉ የሚያገኘው ግዴታውን ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ባለይዞታው ቅርሱን በራሱ ወጪ እንዲጠብቅ ያዝዘዋል፤ ያለ ፈቃድ እንዳይጠግን ይከለክለዋል፤ ወጪው ከአቅሙ በላይ ሲሆን መንግሥት በከፊል ሊረዳው እንደሚችል ይጠቅሳል። ሊረዳው ይችላል ማለትና ይረዳዋል ማለት አንድ አይደሉም። እንዲህ ባለ ሕግ ሥር አስተዋይ ሰው የሚያደርገው ቤቱ እንዳይመዘገብበት መሸሽ ነው፤ ከተመዘገበ ደግሞ ክረምቱ እስኪያፈርሰው መጠበቅ። አፍርሶ ባለ ፎቅ የሚሠራ የባንክ ብድር ይለቀቅለታል፣ ኪራይ ይመጣለታል፤ ጠግኖ የሚያኖር ግን ለገዛው ቆርቆሮና ሚስማር ተጨማሪ እሴት ታክሱን ከፍሎ ይመለሳል።

እንግዲህ የአሜሪካኑን ሕግ ተርጉመን እናምጣው? አይመስለኝም፤ የሚሠራውም ለሌላ ዓይነት ግብር ከፋይ ነው። ከገቢ ግብር ላይ ወጪ ማቀናነስ የሚጠቅመው መዝገብ ለሚይዝና ደህና ትርፍ ላለው ነው፤ ግብሩን በቁርጥ ለሚከፍለው የቡሬ ባለ ሱቅ የእድሳት ደረሰኝ ቢከመርለት የሚለውጥለት ነገር የለም። ለእሱ የሚቀርበው የከተማው ግብር ነው፦ የቦታ ኪራይ፣ የቤት ግብር፣ አሁን ደግሞ በጥር 2017 ዓ.ም. በጸደቀው አዋጅ መሠረት ክልሎች የሚያወጡት የንብረት ታክስ። ይህ አዲስ ታክስ ለብዙ ባለቤቶች ራስ ምታት ይሆናል፤ በዚያው ልክ ግን ከተማው የሚተወው ነገር እንዲኖረው የሚያደርግ አጋጣሚ ነው። በመደዳ የተመዘገበ ቤት ጣሪያው ካላፈሰሰ፣ በረንዳው ካልተዘጋ፣ የፊቱ መልክ ካልተለወጠ ለዚያ ዓመት ይተውለት፤ ካጓደለ በዓመቱ ይክፈል። ከተማው ገቢ ያጣል የሚል ቢመጣ፣ የእነዚህ ቤቶች ግምት ከአዲሶቹ ሕንፃዎች ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ስለሆነ የሚቀረውም ትንሽ ነው። ሙስና ይገባበታል የሚለው የበለጠ ያሳስባል፤ የማበረታቻ ታሪካችን ከቀረጥ ነጻ ገብተው ገበያ ላይ በተሸጡ ዕቃዎች የቆሸሸ ነው። ለዚህ መልሱ ያለው በቀድሞው ልማድ ውስጥ ነው። ማበረታቻው ቀድሞ አይሰጥ፤ ሥራው ከታየ በኋላ ለአንድ ዓመት ብቻ ይሰጥ፤ የሚመሰክረውም ከቢሮ ይልቅ የመንገዱ ሰው ይሁን። የፋብሪካ ማሽን የት እንደገባ የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ የገበያ ዳር ቤት ጣሪያው መለወጡን ግን ቅዳሜ ገበያ የወጣ ሁሉ ያየዋል።

ይህ ሁሉ የማይደርስበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም የቀበሌ ቤት ነው። ግብር የሌለበትን ቤት በግብር ማዳን አይቻልም። ተከራዩ ላደሰው ኪራይ ይቀነስለት ቢባል እንኳ፣ ብዙው ኪራይ ለዓመት ተደምሮ ጥቂት ክፍል ቆርቆሮ አይገዛም። በእነዚህ ቤቶች መንግሥት ራሱ ባለቤት ነውና ዕዳውም የእሱ ነው፦ ወይ በጀት መድቦ ይጠግናቸው፣ ወይ በጥገና ግዴታ ለሚኖርባቸው ሰው በስሙ ያዙርለት። ሁለተኛው መንገድ የተከራዩን መብት የሚነካ ስለሆነ ብዙ ክርክር ያስነሣል፤ ክልሉ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ባለበት ግጭትም ማንም ደፍሮ የሚጀምረው አይመስልም። እስከዚያው ድረስ የግብር ማበረታቻው የሚጠቅመው በግል ይዞታ የቀሩትን ቤቶች ብቻ ነው።