ሳይቃጠል በቅጠል

አሶሳ ከተነሳ ወርቅ አብሮ ይነሳል። በ1821 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የግብፁ መሐመድ ዓሊ ጦር ሱዳንን ሲወር ካስጎመጁት ነገሮች አንዱ የፋዞግሊና የቤንሻንጉል ወርቅ ነበር። በ1898 ራስ መኮንን አገሩን ለዳግማዊ ምኒልክ ካስገበሩ በኋላም ሼህ ሆጀሌ ግብራቸውን በወርቅ ይከፍሉ ነበር። እኛ ደግሞ ዛሬ ወርቁን ይዘን ልብ ውስጥ ልንገባ ነው። አትሳቁብን፤ ነገሩ እውነት ነው።

የልብ ምት ሲዛባ ሐኪሞች ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ በብሽሽት የደም ሥር ልብ ድረስ ያስገቡና ምቱን የሚያውከውን ቦታ ያቃጥሉታል። በ1981 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ እነ ሜልቪን ሼንማን ሲጀምሩት የተጠቀሙት ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ንዝረት ነበር፤ እንደ ፍንዳታ ስለሚመታ የልብን ግድግዳ ይጎዳል። ከዚያ ረጋ ብሎ የሚያሞቀው የሬዲዮ ሞገድ ተተካ።

እሱም ጣጣ አላጣም። የልብ ሥጋ 50 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ይሞታል፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው። 100 ሲደርስ ግን በውስጡ ያለው ውሃ ይፈላና እንፋሎቱ «ጧ!» ብሎ ይፈነዳል። ግድግዳው ከተበሳ ደም በልብ ከረጢት ተጠራቅሞ ልብን ያፍናል።

ስለዚህ ካቴተሩ ጫፍ ላይ የሙቀት መለኪያ ተገጠመ። ጫፉን በጨው ውሃ ማቀዝቀዝም መጣ። ከፕላቲነም አራት እጥፍ ያህል ሙቀት የሚያስተላልፈው ወርቅም ለጫፍ መሥሪያ ዋለ። ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው፦ ጫፉ ሲቀዘቅዝ መለኪያው ያታልላል። ላዩ ቀዝቅዞ ውስጡ ይፈላል! ሐኪሞቹ ታዲያ ሌላ ምልክት መከታተል ያዙ። ሥጋው ለኤሌክትሪክ ያለው መቋቋም በፍጥነት ካሽቆለቆለ ወይም ድንገት ካሻቀበ፣ በአልትራሳውንድም አረፋ ከታየ፣ ኃይሉን ይቀንሳሉ ወይም ያጠፋሉ።

«ይህ ለአሶሳ ሰው ምኑ ነው?» ትሉን ይሆናል። በጥቁር አንበሳ ግቢ በ2009 የተከፈተው የልብ ማዕከል ከአሶሳ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በአገራችን ደግሞ ብዙ ልብ የሚጎዳው ገና በልጅነት ነው። በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ይቀርና የልብ ቫልቭ ይበላሻል፤ ከዓመታት በኋላ ምቱ ይዛባል። ያም ላዩ ቀዝቅዞ ውስጡ የሚፈላ ነው። ልጁ ጉሮሮው ስለተሻለው ዳነ ይባላል።

የዚህኛው ቅጠል ግን ወርቅ አይፈልግም፤ ጤና ጣቢያ ላይ በጊዜ የተሰጠ ፔኒሲሊን ነው።