ሥራ ፍለጋ በድሬ ዳዋ፤ ከባቡር ጣቢያ ደጃፍ እስከ ቤተ መጻሕፍት

ድሬ ዳዋ ከሥራ የተወለደች ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለ ከበደው በቆላው በኩል ዞሮ በ1895 ዓ.ም. ከደቻቱ ወንዝ አጠገብ ደረሰ፤ በጣቢያውም ዙሪያ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለችው ከተማ ተቆረቈረች። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው የከተማይቱን ሙሉ ታሪክ ሳይሆን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይኸውም ሥራ ፈላጊው ሥራ መኖሩን በምን ያውቅ ነበር? የሚል ነው።

የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ ስላጠረው ሐዲዱ ለጥቂት ዓመታት ከድሬ ዳዋ አላለፈም፤ አዲስ አበባ የገባው በተተካው ኩባንያ ዘመን፣ በ1909 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ በቆመባቸው ዓመታት ከፉርጎ የወረደው ዕቃ በግመልና በበቅሎ ይጫን ነበርና ጫኝና አውራጅ ከጣቢያው ደጃፍ መቆም ይበቃው ነበር። የባቡሩ ጩኸት ራሱ ማስታወቂያ ነበር።

በጽሕፈት ቤቱ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የኩባንያው የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለ ነበረ ቋንቋውን ያልተማረ ሰው ማስታወቂያ ከፊቱ ቢለጠፍም አያነበውም። የተማረውም ቢሆን የሚያስተዋውቀው ሰው ይፈልጋል፤ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» የተባለው በከንቱ አይደለም። ከጠላት ወረራ ዘመን ጀምሮ የሲሚንቶና የጥጥ ፋብሪካዎች ሲጨመሩ የሥራው ዓይነት በዛ፤ በ1933 ዓ.ም. የተመሠረተው «አዲስ ዘመን» ጋዜጣም ክፍት የሥራ ቦታዎችን ያወጣ ጀመር። ሆኖም የሚታተመው በአዲስ አበባ ስለ ሆነ በሩቅ ከተማ ላለው አንባቢ ወሬው ዘግይቶ ይደርሰዋል።

ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከገባ በኋላ ይህ የርቀት ችግር ቀለለ። ዛሬ የድሬ ዳዋ ወጣት የአዲስ አበባውን ማስታወቂያ በድረ ገጽና በቴሌግራም በዚያው ሰዓት ያነባል። ነገር ግን አሮጌዎቹ በሮች አልተከፈቱም። የፈረንሳይኛን ቦታ እንግሊዝኛ ይዟል፤ የጣቢያውን ደላላም ፊቱ የማይታይ ደላላ ተክቶታል። ከመካከላችን አንዱ «የመመዝገቢያ» ተብሎ የተጠየቀውን ገንዘብ ከላከ በኋላ ስልኩ ተዘግቶበታል። ገንዘቡ ከቤተሰቡ የተላከለት የወር ቀለብ ነበር።

እንግዲህ ቤተ መጻሕፍት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ስልኩ ሥራ መኖሩን ይነግረናል፤ እውነት መሆኑን ግን አይመሰክርም። በቤተ መጻሕፍት የቀጣሪውን ታሪክና የሥራውን ጠባይ እናጠናለን፤ የማመልከቻ አጻጻፍ እንማራለን። በነጋሪት ጋዜጣ የወጣውን የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ያነበበ ተማሪ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ እንደሌለበት ያውቃልና በቀላሉ አይታለልም።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው መሣሪያው ቢለወጥም ሥራ የሚያገኘው አስቀድሞ የሰማና የሰማውን ለመመዘን የቻለ መሆኑን ነው። መስማቱን ዘመኑ ሰጥቶናል፤ መመዘኑን ግን ራሳችን መማር አለብን። ስለዚህ የኮሌጃችን ቤተ መጻሕፍት በሳምንት አንድ ሰዓት ለዚህ ትምህርት እንዲመድብ፣ የተጣሩ ማስታወቂያዎችንም ዘመድ ለሌለው ተማሪ ጭምር በሰሌዳ እንዲለጥፍ እናሳስባለን።