አየርን የመዘገበ ሰው

በመሥሪያ ቤት የሚውል ሰው የመዝገብን ጥቅም ያውቃል። ዕለት ዕለት የሚጻፈው ቍጥር በጊዜው ከንቱ ድካም ይመስላል፤ ክርክር በተነሣ ቀን ግን የታመነ ምስክር የሚሆነው እርሱ ነው። ዛሬ የምንተርክላችሁም ለአየር እንዲህ ያለ መዝገብ የከፈተውን የአሜሪካዊውን ሊቅ የቻርልስ ዴቪድ ኪሊንግን ታሪክ ነው።

ከሰልና ፔትሮል ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ የፀሐይን ብርሃን ወደ ምድር ያሳልፋል፤ ከምድር ተመልሶ የሚወጣውን ሙቀት ግን ይይዛል። የስዊድኑ ሊቅ ስቫንቴ አሬንየስ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1896 ዓ.ም. ጋዙ ቢበዛ ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ በስሌት አሳየ። ይሁን እንጂ ብዙዎች ሊቃውንት ትርፉን ጋዝ ባሕር ይውጠዋል እያሉ ነገሩን አቃለሉት። መጠኑን ያለማቋረጥ በትክክል የለካ ስላልነበረም ክርክሩ ሳይፈታ ኖረ።

በ1958 ዓ.ም. በማርች ወር የኪሊንግ መለኪያ በሃዋይ፣ ማውና ሎዋ በሚባለው ተራራ ላይ ሥራ ጀመረ። ስፍራው 3,400 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውና ከከተማ ጢስ የራቀ ነው። መጀመሪያ የተገኘው ልክ ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር 313 እጅ ያህል ነበር። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ቅጠል ሲለመልም ቍጥሩ ይቀንሳል፤ ሲረግፍ ይጨምራል። ነገር ግን የየዓመቱ አማካይ ልክ ካለፈው ዓመት እየበለጠ ሄደ። ባሕሩ ሁሉን አልዋጠውም ነበር።

በ1964 ዓ.ም. በጀት ስለ ተቀነሰ ልኬቱ ለጥቂት ወራት ተቋረጠ፤ ያ ክፍት ቦታ ዛሬም በመዝገቡ ላይ ይታያል። በኋላም ገንዘብ ሰጪዎች ይህ የዘወትር ሥራ እንጂ ምርምር አይደለም እያሉ አስቸገሩት፤ እርሱ ግን ደጅ መጥናቱን አልተወም። በ1965 ዓ.ም. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሳይንስ አማካሪዎች ልኬቱን ጠቅሰው መንግሥታቸውን አስጠነቀቁ። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ጄምስ ሃንሰን የተባለው ሊቅ ምድር መሞቅ መጀመሯን በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፊት መሰከረ።

ኪሊንግ በ2005 ዓ.ም. ሲሞት ሥራውን ልጁ ራልፍ ተረከበ። በ2024 ዓ.ም. በሜይ ወር ቍጥሩ ከ426 አለፈ።

እንግዲህ አንባቢዎች ሆይ፤ በእጃችሁ ያለውን መዝገብ ነገ ማን፣ ስለ ምን ጉዳይ እንደሚከፍተው አይታወቅምና ሳትሰለቹ በትክክል ጻፉት።