ኳስና ሰፈር በአራዳ

የእንግሊዝ ክለቦች በቴሌቪዥን ሲጋጠሙ በፒያሳ ቡና ቤቶች ወንበር አይገኝም። የሰፈር ግጥሚያ ግን ተመልካቹ ጥቂት ነው። ታዲያ እኛ ሁለተኛውን ለምን እንመርጣለን? መልሱን ከታሪክ እንፈልገው።

ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ሲቋቋም የሰፈር ልጆች ቡድን ነበር፤ ስሙንም ያገኘው ከሰፈሩ ደብር ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ፋሺስት ኢጣሊያ ከተማዋን ያዘች። ከነጻነት በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያ ሻምፒዮና አምስት ቡድኖች ተጋጠሙ፦ የአርመኖች አራራት፣ የግሪኮች ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖች ፎርቲቱዶ፣ የእንግሊዝ ጦር ሚሲዮን ቡድንና የእኛው ጊዮርጊስ። ያሸነፉት እንግሊዞቹ ናቸው። እነሱ ግን ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ፤ ጊዮርጊስ ደጋፊው እዚሁ ነበርና ቀረ። በጊዮርጊስ ማሊያ የተጫወቱት ይድነቃቸው ተሰማም በ1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችንን አሠልጥነው ለአፍሪካ ዋንጫ አበቁ።

በሰፈር ጨዋታ አጥቂውን በቅጽል ስሙ እንጠራዋለን፤ ሲስት እንቆጣዋለን፤ እሱም ይሰማናል። የለንደኑ ተጫዋች እኮ ብንጮህለትም አይሰማን!

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነባር መንደሮች ፈርሰው ነዋሪው ሲበተን፣ እንዲህ ያለውን ቡድን የሚያበቅለው ጉርብትናም አብሮ ተበተነ። እንግዲህ ልጆቹ ሜዳ ባገኙበት ሁሉ ሄደን እንቁምላቸው። ጊዮርጊስም የተጀመረው እንዲሁ ነውና።