የጡት ካንሰር የሆርሞን ሕክምናን ማቋረጥ

የሆርሞን ሕክምናን ማቋረጥ ማለት የጡት ካንሰር ታካሚ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለዓመታት እንድትወስድ የታዘዘላትን ክኒን ጊዜው ሳይደርስ መተው ነው። እየዘለሉ መውሰድም ከዚሁ ጋር አብሮ ይጠናል። ችግሩ በበለጸጉ አገሮችም የታወቀ ነው። በኢትዮጵያ ግን፣ በተለይ እንደ ካፋ ዞን ከካንሰር ሕክምና ማዕከላት በራቁ አካባቢዎች፣ ከመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት በተጨማሪ ርቀት፣ ወጪና የክትትል መላላት ይደረቡበታል።

ሕክምናው

አብዛኞቹ የጡት ካንሰሮች ለማደግ ኢስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን ይጠቀማሉ፤ በሴሎቻቸው ላይም ሆርሞኑን የሚቀበል ሪሴፕተር ይገኛል። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ዕጢዎች 65 በመቶ ያህሉ የዚህ ዓይነት መሆናቸውን አሳይቷል። ታሞክሲፈን የተባለው መድኃኒት ኢስትሮጅን ሪሴፕተሩን እንዳይዝ ይከለክላል። አናስትሮዞልና ሌትሮዞል ደግሞ ባረጡ ሴቶች ሰውነት ውስጥ የሚመረተውን ኢስትሮጅን ይቀንሳሉ።

ታሞክሲፈን አብዛኛውን ጊዜ በቀን 20 ሚሊ ግራም ለ5 ዓመት ይወሰዳል፤ ለአንዳንድ ታካሚዎች እስከ 10 ዓመት ይራዘማል። ዓላማው በቀዶ ሕክምና ዕጢው ከወጣ በኋላ በሰውነት ውስጥ ሊቀሩ የሚችሉ፣ በምርመራ የማይታዩ ሴሎች እንዳያገረሹ ማድረግ ነው። የበርካታ ጥናቶችን ውጤት አጠናቅሮ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ትንተና እንደሚያሳየው፣ ሪሴፕተሩ ያለበት ካንሰር የያዛቸው ሴቶች ለ5 ዓመት ታሞክሲፈን ሲወስዱ በቀጣዮቹ 15 ዓመታት በበሽታው የመሞት ዕድላቸው በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። መድኃኒቱን ቀድሞ ማቋረጥ ይህን ጥቅም ያሳንሰዋል።

የችግሩ ስፋት

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ 8,769 ሴቶችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት፣ መድኃኒቱን ሳያጓድሉ ለ4 ዓመት ተኩል የወሰዱት 49 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አመልክቷል። ይህም የጤና መድን ባለበትና መድኃኒት በማይጠፋበት ሥርዓት ውስጥም ማቋረጥ የተለመደ መሆኑን ያሳያል።

ምክንያቶች

የጎንዮሽ ጉዳት፦ ታሞክሲፈን ድንገተኛ የሙቀት ስሜትና ማላብ፣ የወር አበባ መዛባት እንዲሁም የብልት መድረቅ ወይም ፈሳሽ ያስከትላል። አልፎ አልፎ የደም መርጋትና የማኅፀን ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። አናስትሮዞልና ሌትሮዞል በብዛት የሚታወቁት በመገጣጠሚያ ሕመምና በአጥንት መሳሳት ነው። ታካሚዋ ስለነዚህ ምልክቶች አስቀድሞ ካልተነገራት በሽታው የባሰ ወይም መድኃኒቱ የጎዳት ሊመስላት ይችላል።

«ድኛለሁ» ማለት፦ ቁስሉ ሽሮ ሕመሙ ከጠፋ በኋላ መድኃኒት መቀጠል ትርጉም የለሽ ሊመስል ይችላል። ክኒኑ የሚከላከለው ወደፊት የሚመጣውን እንጂ ዛሬ የሚሰማውን ሕመም ስላልሆነ ጥቅሙ ለታካሚዋ አይታያትም። በጠበል ወይም በባህል ሕክምና መዳናቸውን አምነው ክኒኑን የሚተዉም አሉ።

ልጅ መውለድ፦ በኢትዮጵያ ብዙዎቹ ታካሚዎች ከማረጥ በፊት ባለው ዕድሜ ላይ ናቸው። ታሞክሲፈን ፅንስን ስለሚጎዳ በሚወሰድበት ጊዜ ማርገዝ አይመከርም፤ የወር አበባ መቅረት ብቻውንም ለእርግዝና መከላከያ ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት ከ18 እስከ 30 ወር መድኃኒቱን የወሰዱ ሴቶች ለማርገዝ ሲሉ በሐኪም ክትትል እስከ 2 ዓመት ቢያቋርጡ በአጭር ጊዜ ውስጥ በሽታው በብዛት እንዳላገረሸ አሳይቷል። ሳይማከሩ መተው ግን ከዚህ የተለየ ነው።

ወጪና አቅርቦት፦ ታሞክሲፈን ከሌሎች የካንሰር መድኃኒቶች ርካሽ ነው። ትልቁ ወጪ ብዙ ጊዜ የመጓጓዣ፣ የማደሪያና የአስታማሚ ነው። መድኃኒቱ በአካባቢው ሲጠፋ ታካሚዋ ሌላ ከተማ ማፈላለግ ይኖርባታል።

በካፋ ዞን

የካፋ ዞን ዋና ከተማ ቦንጋ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በከተማዋ ገብረጻድቅ ሻዎ አጠቃላይ ሆስፒታል ይገኛል። የካንሰር ሕክምና የሚሰጠው ቅርቡ ትልቅ ሆስፒታል ግን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቀው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው። መድኃኒቱ በየወሩ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ የ5 ዓመት ሕክምና 60 ጉዞ ይጠይቃል። ከቦንጋ ውጭ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ለሚኖሩ ሴቶች መንገዱ ይረዝማል፤ በክረምትም ይከብዳል።

የብዙ ቤተሰቦች ጥሬ ገንዘብ የሚገኘው ከቡናና ከማር ሽያጭ በመሆኑ ገቢው በየወሩ እኩል አይደለም። አብዛኛው የገጠር ነዋሪ የሚናገረው ካፊ ኖኖ በመሆኑም በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የተሰጠ ምክር በደንብ ላይገባ ይችላል። የሪሴፕተር ምርመራ በአብዛኞቹ የክልል ሆስፒታሎች ስለማይገኝ ታሞክሲፈን አንዳንዴ ያለ ምርመራ ይታዘዛል፤ ይህም ለታካሚዋ ክኒኑ ለምን እንዳስፈለገ ማስረዳቱን ያከብደዋል።

የመከላከያ መንገዶች

በደቡብ ኢትዮጵያ 8 ሆስፒታሎችና 162 ታካሚዎች የተካተቱበት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት በነርስ የሚደረግ ክትትልን መርምሯል። በከፊሎቹ ሆስፒታሎች የሠለጠኑ ነርሶች ታካሚዎችን ስለ መድኃኒቱ አስተማሩ፣ ቀጠሮ አስታወሱ፣ የቀሩትንም ፈለጉ። ከ12 ወራት በኋላ በእነዚህ ሆስፒታሎች 70 በመቶ፣ በተለመደው ክትትል ደግሞ 45 በመቶ ያህል ታካሚዎች መድኃኒታቸውን በአግባቡ ሲወስዱ ተገኝተዋል። የተጨመረው አዲስ መድኃኒት ሳይሆን የነርሷ ክትትል ነው።

ከዚህ ሌላ ለብዙ ወራት የሚበቃ ክኒን በአንድ ጊዜ መስጠት፣ መድኃኒቱን በአቅራቢያ ሆስፒታል ማቅረብና የጎንዮሽ ጉዳትን አስቀድሞ ማስረዳት ይጠቅማሉ። ታሞክሲፈን ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ስለሚወሰድ የምትጾም ሴት ከጾም ሰዓት በኋላ ልትወስደው ትችላለች። አንድ ቀን የተረሳ ክኒን ሕክምናውን ከንቱ አያደርገውም፤ በማግሥቱ እንደተለመደው ይቀጠላል እንጂ ሁለት ክኒን በአንድ ጊዜ አይወሰድም። የእግር እብጠትና ሕመም፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም ግን በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መሄድን ይጠይቃል።