የቀጥቃጩ ልጅ

አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከሻርለትስቪል ከተማ አጠገብ ተራራ ላይ አንድ ጉልላታም ቤት አለ፤ ሞንቲቼሎ ይባላል። ጌታው ቶማስ ጄፈርሰን ነበር፤ ሦስተኛው ፕሬዚዳንት። ሰው ሁሉ እኩል መፈጠሩን የነጻነት አዋጁ ላይ የጻፈው እሱ ነው። በዕድሜው ከ600 በላይ ሰው በባርነት የያዘውም እሱው ነው።

ሰውየው ብልሃት ይወድ ነበር። መግቢያው አዳራሽ ላይ የተሰቀለው ሰዓት የመድፍ አረር በሚመስሉ ክብደቶች ይሠራል፤ ክብደቶቹ ቁልቁል ሲወርዱ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ቀን ያሳያሉ። ታዲያ ግድግዳው አጠረና ቅዳሜ ቦታ አጣች! ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ወለሉን አስበስቶ ቅዳሜን ምድር ቤት አወረዳታ! ዛሬም እዚያው ናት። መመገቢያ ክፍሉም ብልሃት አያጣም፤ መደርደሪያ የተገጠመለት በር ዞር ሲል ምግቡ ከች ይላል። እንግዳው ይበላል፤ ያበሰለችውን አያይም።

ያበሰለችው በባርነት የያዛት ኢዲት ፎሴት ናት። ጄፈርሰን ፕሬዚዳንት ሳለ ዋሽንግተን አስመጥቶ ከፈረንሳዊ አብሳይ ሙያ እንድትማር አደረጋት። ባሏ ጆሴፍ፣ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሞንቲቼሎ ቀረ። ናፍቆት አላስቀምጥ ቢለው በ1806 እ.ኤ.አ. ሳያስፈቅድ ተነሥቶ ፕሬዚዳንቱ ቤት ድረስ ሄደላት። ከግቢው ሲወጣ ተይዞ ታሰረ።

ጄፈርሰን በ1826 ሞተ፤ ከ100,000 ዶላር የሚበልጥ ዕዳ ትቶ። በኑዛዜው ጆሴፍን ነጻ አወጣ። ሚስቱንና ልጆቹንስ? እነሱማ ለዕዳው! በጃንዋሪ 1827 እዚያው ተራራ ላይ 130 ሰዎች ለጨረታ ቀረቡ። የጆሴፍና የኢዲት ልጅ፣ የ11 ዓመቱ ፒተር ፎሴት፣ አንዱ ነበር። ኋላ ራሱ እንደተናገረው፣ የገዛው ሰው አባትየው ገንዘቡ ሲሞላለት ልጁን ሊመልስለት ቃል ገብቶ ነበር፤ ቀኑ ሲደርስ ካደ።

ፒተር ግን ዋዛ አልነበረም። ተደብቆ ፊደል ቆጠረ፤ ለሌሎች ባሮች የማምለጫ የይለፍ ወረቀት ጻፈ፤ ራሱም ሮጠ፣ ተያዘ። በ1850 ነጻ ወጥቶ ኦሃዮ፣ ሲንሲናቲ ከቤተሰቡ ጋር ተገናኘ። እዚያ ድግስ እያዘጋጀ ስም አወጣ (የእናቱ ልጅ አይደል!)፤ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ፓስተርም ሆነ። በ1900፣ በ85 ዓመቱ፣ ሞንቲቼሎን ተመልሶ ጎበኘ።

ቤቱን ዛሬ የሚጠብቀው ድርጅት የገዛው በ1923 ነው። ከ1993 ጀምሮ ደግሞ እዚያ በባርነት የኖሩትን ሰዎች ተወላጆች እያፈላለገ የየቤተሰቡን ታሪክ ከአፋቸው ይቀዳል፤ የፎሴቶቹ ዘሮችም ተናግረዋል።