ስቴፐር ወይስ ሰርቮ? የጥያቄው ታሪክ

ሰሞኑን ቶርኖ ቤት የከፈታችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ቲቸር፣ ትንሿን ሚሊንግ ማሽን ሲኤንሲ ላደርጋት ነው፤ ስንት ኪሎ ጉልበት ያለው ሞተር ልግዛ?» ከኪሎው በፊት ታሪኩን ልንገራችሁ።

ነገሩ የተጀመረው በሄሊኮፕተር ክንፍ ነው። ጆን ፓርሰንስ የተባለ አሜሪካዊ የክንፉን ቅርጽ ነጥብ በነጥብ አስልቶ ለመቁረጥ አሰበ። የአየር ኃይሉ ገንዘብ ሰጠ፣ ሥራው ኤምአይቲ ደረሰ። በፈረንጆቹ መስከረም 1952፣ ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር በተቀላቀለችበት ወር፣ ማሽኑ ለእይታ ቀረበ። መቆጣጠሪያው 292 የቫኩም ቱቦ ነበረው! ሰዎቹ ሞተሩን አላመኑትም፤ ጠረጴዛው የት እንደደረሰ የሚናገር መለኪያ አሰሩበት። ይታዘዛል፣ ይለካል፣ ልዩነቱ ይታረማል። ሰርቮ ማለት ይኸው ነው።

ጃፓኖች ሌላ መንገድ ያዙ። ፋኑክን የመሩት ሴይኡኤሞን ኢናባ ገና በፉጂትሱ ሳሉ ትንሽ ስቴፐር ሞተር በዘይት ግፊት የሚዞር ትልቅ ሞተር እንዲመራ አደረጉ። ስቴፐር «ደረስክ ወይ?» ተብሎ አይጠየቅም፤ አንድ ምት ሲላክለት አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ አለቀ። ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ግን (እኛ ዘንድ ታክሲ ነጂዎችን ለአድማ ያስነሳው ያው የቤንዚን ዋጋ) ፋኑክም ወደ ኤሌክትሪክ ሰርቮ ዞረ።

ስቴፐር ትንንሽ ማሽን ላይ ቀረ። ሒሳቡ ያዋጣል፦ በአንድ ዙር 200 እርምጃ ይሄዳል፤ ዘንጉ በዙር 5 ሚሊ ሜትር የሚገፋ ከሆነ አንዱ እርምጃ 0.025 ሚሊ ሜትር ነው። በ2009 ሲመን ስቫሌ ስኮግስሩድ ጂአርቢኤል የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ለአርዱይኖ ጻፈ፤ የዚያ ሁሉ ቱቦ ሥራ መዳፍ በምታክል ሰሌዳ ላይ ገባ።

አሁን ወደ ኪሎው። ሻጩ የሚነግራችሁ ጉልበት ሞተሩ ቆሞ ሲይዝ ያለውን ነው። ፍጥነት ሲጨምር ጉልበቱ ይወርዳል፣ ምክንያቱም ጥቅልሉ ከረንት ቶሎ አያስገባም። የሚያስገባው ቮልት ነው። የተለመደው ስሌት የኢንዳክታንሱን ስኩዌር ሩት በ32 ማባዛት ነው፤ 2 ሚሊሄንሪ ለሆነ ሞተር 45 ቮልት ገደማ ይመጣል። 32 ቮልት የሚሰጥ ትራንስፎርመር በሬክቲፋየርና በካፓሲተር ሲያልፍ እዚያው ይደርሳል። ድራይቨሩ ግን እስከ 50 ብቻ የሚል ከሆነ አትግዙት፤ የኛ መብራት አንዳንዴ ከ220 እንደሚዘል ታውቃላችሁ። በእኔ እምነት ልከኛ ሞተር በጥሩ ቮልት፣ ግዙፉን በ24 ቮልት ያስከነዳል።

ወናጎ ላይ ትልቁ ጣጣ የመብራት መሄድ ነው። ከላፕቶፕ ጋር በኬብል የተያያዘች አርዱይኖ መብራት ሲጠፋ አትጠፋም፤ በላፕቶፑ ባትሪ እየሠራች ምት መላኳን ትቀጥላለች። ሞተሩ ቆሟል፣ እሷ ግን የሄደ ይመስላታል። አለመጠየቁ የሚያስከፍለው ይሄኔ ነው። መብራት ሲመለስ ቢላዋው ሌላ ቦታ ይገባል፣ በእሸት ቡና ወቅት የሚጠበቅ የመፈልፈያ ዘንግ ይበላሻል። ስፒንድሉ በራሱ ቢነሳና እጃችሁ እዚያ ቢሆንስ?

ስለዚህ ከትልቅ ሞተር በፊት ኮንታክተር ግዙ። መብራት ሲሄድ ይለቃል፣ በቁልፍ ካልተጫነ አይመለስም። ትርፍ ኮንታክቱን ከመቆጣጠሪያው ማቆሚያ ጋር እሰሩት። በየአቅጣጫው መነሻ ስዊች ይኑር፤ ኢንኮደር ያለው ስቴፐር ብትገዙም አብዛኛው መብራት ሲጠፋበት ቦታውን ይረሳልና ማሽኑ ሁልጊዜ ከዚያ ይጀምር።